ለትራክ ሚያታ የራዲያተር ወንፊት፦ የትኛው ይገዛ፣ የት ይታሰር

ፍርዱ አስቀድሞ ይነገር። በትራክ፣ ማለትም በመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ የሚነዳ መኪናን ራዲያተር ከጠጠር ለመከላከል የሚገዛው ወንፊት የተሸመነ የስቴንለስ ሽቦ ነው፤ በኢንች 4 ቀዳዳ ያለው፣ ሽቦው 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነ። የሚታሰረውም ፓራውልቱ አፍ ላይ ሳይሆን ራዲያተሩ ፊት ነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ። ከገበያው ውስጥ በፍጹም መገዛት የሌለበት ደግሞ «ስፖርት ግሪል» እየተባለ የሚሸጠው የተበሳ ላሜራ ነው። ሌላው ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መሃል ነው፤ አንዳንዱ ከዋጋው አንጻር በጣም ጥሩ ነው።

ወንፊት ስትገዙ ሻጩን ሁለት ቁጥር ጠይቁት፦ የሽቦው ውፍረትና በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የቀዳዳ ብዛት። ክፍት ቦታው ከነዚህ ሁለቱ ይሰላል። 25.4ን ለቀዳዳው ብዛት ስታካፍሉ ከሽቦ ሽቦ ያለው ርቀት ይመጣል፤ ከዚያ ላይ የሽቦውን ውፍረት ቀንሱ፣ የቀረውን ለርቀቱ አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ። ባለ 4 ቀዳዳው ርቀቱ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 5.45፣ ክፍት ቦታው 74 በመቶ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች የማይነግራችሁ ሻጭ የሚሸጥላችሁ መልክ ነው።

መኪናው እዚህ ላይ ማዝዳ ሚያታ ነው፤ ከ1989 እስከ 2005 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሞዴሎች። ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው ሰሚት ፖይንት ትራክ እንደዚህ ያለ ቀላልና ርካሽ መኪና ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። ሚያታን ለትራክ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ከሚነቅላቸው ነገሮች አንዱ ኤሲው ነው፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ለራዲያተሩም አየር ይከፈትለታል። የሚረሳው ነገር ኮንዴንሰሩ፣ ማለትም ከራዲያተሩ ፊት የሚቀመጠው የኤሲው ማቀዝቀዣ፣ ሳይታሰብ ጋሻ ሆኖ ሲያገለግል መቆየቱ ነው። እሱ ሲነሳ ራዲያተሩ በትልቁ የፓራውልት አፍ ፊት ለፊት ባዶውን ይቀራል።

የሚመታውስ ምንድን ነው? ከፊት ያለው መኪና ጎማ የሚረጨው ጠጠር ነው። ሰሚ-ስሊክ የሚባለው፣ ጥርሱ ጥቂት የሆነ የትራክ ጎማ ሲሞቅ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል፤ ከአስፋልት ወጥቶ የተመለሰ መኪና ከዳር ያነሳውን ጠጠር ቀጥታው መስመር ላይ እየለቀቀ ይሄዳል። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር 1.4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲመታ 1.4 ጁል ጉልበት አለው። 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ክብደቱም ጉልበቱም የዚያ ስምንተኛ ነው። የአሉሚኒየም ራዲያተር የውሃ ቱቦ ግድግዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ ስለሆነ ሹል የሆነ ትልቅ ጠጠር ይበሳዋል። ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ በቱቦዎቹ መሃል ያሉትን ስስ ክንፎች አጣሞ ይወድቃል፤ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ በክንፍ ማበጠሪያ ይቃናል። ወንፊቱ አሸዋ ሁሉ እንዲይዝ አይጠበቅበትም ማለት ነው። ከ5 ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ካስቆመ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ በላይ የጠበቀ ወንፊት የሚያመጣው ተጨማሪ ጥበቃ ትንሽ፣ የሚያስከፍለው አየር ብዙ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት

የተሸመነ ስቴንለስ። ከላይ የተባለው ባለ 4 ቀዳዳው ነው። 304 የሚባለው ደረጃ ይበቃል፤ 316 ለባሕር ዳርቻ ጨው የሚታሰብ ነው፣ ለትራክ ትርፍ ወጪ ነው። ጥንካሬው ግሩም ነው፤ ጠጠር ሲመታው ሽቦው ትንሽ ይረገብና ይመልሰዋል እንጂ አይበጠስም። ችግሩ ሽመና መሆኑ ነው፦ ስትቆርጡት ጠርዙ ይፈታል፣ ሽቦዎቹም ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ያለ ፍሬም አይሠራም። ጥቁር ቀለም የተቀባውን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሒሳቡን ይወቅ። በዱቄት ቀለም የተጋገረ ሽቦ በየጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ 0.9 የነበረው 1.1 ሲሆን ክፍት ቦታው ከ74 ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ጥቁር ካላማራችሁ አታስቀቡት፤ ካማራችሁ ስስ አድርጎ የሚረጭ ሰው ፈልጉ።

ለየመኪናው ተቆርጠው የሚሸጡም አሉ፤ የእንግሊዙ ዙንስፖርት በተለይ ለፖርሼ በሚሠራቸው የስቴንለስ ግሪሎች ይታወቃል። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ይገጥማሉ፣ መኪናውንም አያበላሹም። ነገር ግን እንደዚህ ያሉ ግሪሎች የሚገቡት ፓራውልቱ አፍ ላይ ነው። ያ ቦታ ለምን እንደማይመረጥ ከታች ይመጣል። ለመንገድ መኪና፣ በተለይ ቅጠል በየራዲያተሩ ኪስ ለሚከማችባቸው ፖርሼዎች፣ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ለትራክ ሚያታ ግን በዚያ ገንዘብ ራሳችሁ የተሻለ ትሠራላችሁ።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብየዳ ሽቦ። በየሃርድዌር ሱቁ በጥቅል የሚሸጠው፣ ለዶሮ ቤትና ለአይጥ መከላከያ የሚገዛው ባለ ሩብ ኢንች ነው። ሽቦው 0.64 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ቦታው 81 በመቶ ይደርሳል፤ በአየር በኩል ስቴንለሱን ይበልጠዋል። መገናኛዎቹ የተበየዱ ስለሆኑ ሲቆረጥ አይፈታም፣ በፒንሳ ይታጠፋል፣ በላሜራ መቀስ ይቆረጣል። ድክመቱ ሁለት ነው። ሽቦው ለስላሳ ስለሆነ ትልቅ ጠጠር ጎድጓዳ ያደርገዋል፤ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ክንፎቹን ይነካል። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ዚንክ ስለሌለው ይዝጋል። ለአንድ የውድድር ዘመን እንዲያገለግል ታስቦ ከተገዛ ከዚህ የረከሰ ጥሩ ነገር የለም። ስቴንለሱን እስክታገኙ በዚህ ጀምሩ።

የዚሁ ታላቅ ወንድም ባለ ግማሽ ኢንቹ ነው፤ ሽቦው 1.07፣ ክፍት ቦታው 84 በመቶ። ብቻውን ለራዲያተር አይበቃም፤ 11 ሚሊ ሜትር ጠጠር ሰተት ብሎ ያልፍበታል። ፓራውልት አፍ ላይ እንደ መጀመሪያ ማጣሪያ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ተሰንጥቆ የተወጠረ አሉሚኒየም። በመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነው። ቀላል ነው፣ በእጅ ይታጠፋል፣ ከአሉሚኒየም ራዲያተር ጋር አይጣላም። ሲገዛ አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ተዳምጦ የተስተካከለ ነው ወይስ ያልተዳመጠ? ያልተዳመጠው ጠርዙ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋደለ ስለሆነ አየሩን እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይመራዋል። በጣታችሁ ዳብሱት፤ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነ ያልተዳመጠ ነው። ገልብጣችሁ ካሰራችሁት አየሩን ወደ መሬት ይልከዋል። የክፍት ቦታው መጠን ከሱቅ ሱቅ በጣም ስለሚለያይ ያለ መለኪያ መግዛት አይመከርም።

የተበሳ ላሜራ። 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ከመሃል መሃል 9 ሚሊ ሜትር፤ ከሩቅ ሲታይ ክፍት ይመስላል። ስሌቱ ግን 40 በመቶ ነው። ከክፍት ቦታው ማነስ በላይ የሚጎዳው የቀዳዳው ሹል ጠርዝ ነው፤ አየር ክብ ሽቦን ተንሸራቶ ያልፋል፣ ሹል ጠርዝ ላይ ግን ይሰበራል። በተለመደው የፍሰት ስሌት የዚህ ላሜራ አየርን የመቋቋም ቁጥር 8 ያህል ሲሆን የስቴንለስ ወንፊቱ 0.46 ነው። ክፍት ቦታው ግማሽ ሆነ፤ መቋቋሙ ግን 17 እጥፍ።

የመስኮት ወንፊትና የአሸንዳ ፕላስቲክ። የትንኝ ወንፊቱ የጎማ ፍርፋሪና ነፍሳት ወዲያው ይደፍኑታል፣ ጠጠርም አይመልስም። ፕላስቲኩ ከራዲያተር ሙቀት አጠገብ ይለሰልሳል። ሁለቱም ይለፉ።

ቦታው ከዕቃው ይበልጣል

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚከራከረው በወንፊት ዓይነት ነው እንጂ በቦታ አይደለም፣ ቦታው ግን ውጤቱን የሚወስን ነው።

ለምሳሌ ያህል የራዲያተሩ ፊት 2000 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ የፓራውልቱ አፍ 800 ነው እንበል። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍጥነት የመኪናው አንድ አምስተኛ ይሁን፤ መኪናው 160 ሲሄድ አየሩ 32 ማለት ነው። ያው አየር አፉ ላይ ሲያልፍ ግን ቦታው ስለጠበበ 2.5 እጥፍ ይፈጥናል። የግፊት ኪሳራ ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ልክ ነው የሚጨምረው፤ 2.5 በ2.5፣ 6.25 እጥፍ። አንዱን ወንፊት ከራዲያተሩ ፊት አንስታችሁ አፉ ላይ ስታደርጉት ያው ወንፊት ከ6 እጥፍ በላይ ያስከፍላችኋል።

በአየር መጠን ሲገለጽ፦ ባለ 4 ቀዳዳው ስቴንለስ ራዲያተሩ ፊት ሲታሰር የሚቀንሰው አየር 1 በመቶ አይሞላም። አፉ ላይ ሲታሰር 5 በመቶ ይሆናል። በኢንች 8 ቀዳዳ ያለው፣ ሽቦው 0.7 የሆነው ራዲያተሩ ፊት 2፣ አፉ ላይ 10 በመቶ ይቀንሳል። የተበሳው ላሜራ ራዲያተሩ ፊት 13 በመቶ፣ አፉ ላይ ከ40 በመቶ በላይ። ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፣ የእያንዳንዱ መኪና ልክ ይለያያል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ወንፊት ነው። የትራክ ወንፊት ግን ንጹሕ ሆኖ አይውልም፤ የጎማ ፍርፋሪ፣ ሣር፣ በመኸር ጊዜ ቅጠል ይለጥፍበታል። ግማሹ ሲደፈን ራዲያተሩ ፊት ያለው 7 በመቶ ያህል አየር ይወስዳል፤ አፉ ላይ ያለው 28 በመቶ ይወስዳል። አፉ ላይ የሚያስሩ ሰዎች «ለማጽዳት ይቀላል» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በየዕረፍቱ ካልተጸዳ ግን ሞተሩን የሚያሞቀው ያ ቦታ ነው። ጠጠር የሚበዛበት ትራክ ላይ ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ባለ ግማሽ ኢንቹን አፉ ላይ፣ ስቴንለሱን ራዲያተሩ ፊት ያድርግ፤ የሁለቱ ድምር ኪሳራ 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ብዙ ቅጠልም ከፊት ይቀራል።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው፦ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ወንፊት፣ 15 በ15 በ1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም አንግል 2 ሜትር ተኩል፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት 40 ያህል ከሮንዴላ ጋር፣ የጎማ ጠርዝ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 4 ከቢራቢሮ ዳዶ ጋር፣ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው የጎማ ቀለበቶች።

መጀመሪያ ልኩን በካርቶን አውጡ። ካርቶኑ የሚቆረጠው በራዲያተሩ ክንፍ ባለው ፊት ልክ ነው፤ የውሃ ታንኮቹን መሸፈን አያስፈልግም። ፍሬሙን ከአንግሉ ሥሩ፤ አራቱን ማዕዘን በትንሽ ላሜራ ደግፋችሁ ሪቬት አድርጉ። ወንፊቱን ከፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ በየጎኑ በ12 ሚሊ ሜትር አትርፋችሁ ቁረጡ። ስትቆርጡ የአንዱን ሽቦ መስመር ተከተሉ፤ አጋድሎ የተቆረጠ ሽመና ሲወጠር ይጣመማል፣ ቀዳዳው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ጓንትና መነጽር አይረሳ፤ የስቴንለስ ጫፍ እንደ መርፌ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወንፊቱን ከአንግሉ ጋር የምታሰሩት በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ነው፤ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን፣ አንዱን ከወዲህ ሌላውን ከወዲያ እየወጠራችሁ። ሮንዴላ ካላደረጋችሁ የሪቬቱ ራስ በቀዳዳው ውስጥ ሊሾልክ ይችላል። ስቴንለሱና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት ስስ የጎማ ጠርዝ ወይም ቢያንስ የቀለም ሽፋን ይኑር፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበትና በመንገድ ጨው ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በዚሁ ምክንያት ወንፊቱ የራዲያተሩን ክንፍ በፍጹም መንካት የለበትም።

2 ሴንቲ ሜትር ክፍተቱም ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ጠጠር ሲመታው መሃሉ ወደ ውስጥ ይረገባል፤ ክፍተቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወንፊቱ ራሱ ክንፉን ይደቁሳል። ክፍተቱ ሲበቃ ደግሞ ከሽቦው ኋላ ያለው አየር ይስተካከላል፤ አንድ ቦታ ቅጠል ቢለጠፍ እንኳ አየሩ ዞሮ ከኋላው ያለውን ክንፍ ያገኘዋል። ወርዱ ከ50 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሃሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከኋላ አቋርጦ ይደግፈው።

የሚታሰረው ከላይ በራዲያተሩ ማያዣ ቅንፍ፣ ከታች በመስቀለኛው ብረት ነው። ራዲያተሩ በጎማ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ስለሆነ ወንፊቱ ከሱ ጋር አብሮ መታሰር የለበትም፤ በተለይ ከታንኩ ጋር። የቢራቢሮ ዳዶው ጥቅም በዕረፍት ሰዓት ያለ መፍቻ በሁለት ደቂቃ ማውጣት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት አለ፦ የፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ክንፎች መሃል አሳልፎ ወንፊቱን ማሰር። ለኤሌክትሪክ ፋን ማሰሪያ ተብሎ የሚሸጥም አለ። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ማሰሪያው የውሃ ቱቦውን እንደ መጋዝ ያሻዋል፤ ውሎ አድሮ ያንጠባጥባል፣ የሚያንጠባጥበውም በትክክል መሃል ላይ፣ ለመበየድ በማይመች ቦታ ነው። ከጠጠር ለማዳን የገባው ዕቃ ራዲያተሩን ገደለው ማለት ነው። ሌላው የመጎተቻ ቀለበቱን መሸፈን ነው፤ ትራክ ላይ መኪናችሁ ቢቆም ሠራተኛው መንጠቆ የሚያስገባበት ቦታ መታየትና መድረስ አለበት። ብዙ ቦታ በቴክኒክ ፍተሻ ላይ ይጠየቃል።

በዳር የሚሾልከው አየር

ስለ ወንፊት 1 በመቶ የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ በራዲያተሩ ዳር በኩል እጁን ይክተት። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ አየሩ ራዲያተሩን ትቶ በዚያ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ያ መንገድ ክፍት ነው፣ ራዲያተሩ ደግሞ ይቋቋማል። ሚያታ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ከሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ መጥፋቱ ነው። ብዙ አሮጌ ሚያታ ላይ ተሰብሮ ወድቋል ወይም ዘይት ለመቀየር ወጥቶ አልተመለሰም። እሱ ሳይኖር በአፉ የገባው አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ያለውም ግፊት ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ሞቃት አየር እንዳይወጣ ያፍነዋል። መሸፈኛውን ሳትመልሱ ስለ ራዲያተር መጠን መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ በኋላ ከአፉ እስከ ራዲያተሩ ያለውን ሁለቱን ጎን በ1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ዝጉ። ላሜራው ራዲያተሩን በቀጥታ አይንካ፤ ጠርዙ ላይ ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ ለጥፉ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው ተጨፍልቆ 5 ሲሆን በደንብ ይዘጋል። ውሃ የሚመጠው የሶፋ ስፖንጅ ግን በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ከላይ በራዲያተሩና በኮፋኖው መሃል ያለውን ክፍተትም አትርሱ፤ ሞቃቱ አየር በዚያ ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል። የወንፊቱ ፍሬም ከነዚህ ላሜራዎች ጋር ገጥሞ ሲቀመጥ ጠጠር በዳር የሚያልፍበት መንገድም አብሮ ይዘጋል።

ማጽዳትና መለካት

በየዕረፍቱ ወንፊቱ ይታይ። ፍርፋሪው ሲሞቅ ይለጠፋል፤ ሲበርድ በጠንካራ ብሩሽ ይረግፋል። ራዲያተሩ ራሱ ሲታጠብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በመደበኛ የአትክልት ቱቦ ግፊት ነው። በግፊት ማጠቢያ ማሽን ቀርቦ የሚያጥብ ሰው ጠጠር በአንድ ዓመት የማያጣምመውን ክንፍ በአንድ ደቂቃ ያስተኛዋል።

የወንፊቱን ውጤት ለማወቅ በዳሽቦርዱ ጌጅ አትመኑ፤ በብዙ መኪና መርፌው መሃል ላይ ቆሞ ይቆይና ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚነሣው። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡት ሚያታዎች በመመርመሪያ ሶኬቱ የውሃውን ሙቀት በቁጥር ይሰጣሉ። ከወንፊት በፊትና በኋላ ስታወዳድሩ የዕለቱን የአየር ሙቀት ከውሃው ሙቀት ቀንሱ፤ ልዩነቱን ነው ማወዳደር። ውሃው ቴርሞስታቱ የሚከፍትበት 88 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ግን ንጽጽሩ ምንም አይናገርም፤ ቴርሞስታቱ ራሱ ስለሚያስተካክለው ልዩነቱን ይደብቀዋል። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ሙቀት፣ ከአራት ከአምስት ፈጣን ዙር በኋላ ነው ቁጥሩ የሚታመነው።

ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አለ። 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ግልጽ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ ቀለም የገባበት ውሃ ጨምሩበት፤ አንዱን ጫፍ ከወንፊቱ ፊት፣ ሌላውን በወንፊቱና በራዲያተሩ መሃል አስቀምጡ። ሁለቱም ጫፎች ለነፋሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ በጎን ይዙሩ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ነፋሱን ነው። በ160 ኪሎ ሜትር ንጹሕ የስቴንለስ ወንፊት የሚያሳየው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ውሃ ያህል ብቻ ነው፣ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ግማሹ ሲደፈን 15 ይደርሳል። የተበሳ ላሜራ ገና አዲስ ሳለ 30 ያሳያል። ስልክ አስራችሁ ቱቦውን ቅረጹት፤ እየነዱ ማየት አይቻልም፣ አይገባምም።

ቦታና ከፍታ

በዱባይና በአቡ ዳቢ ትራኮች ለሚነዳ ሰው ጠላቱ ጠጠር ብቻ ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ነው። አሸዋን የትኛውም ወንፊት አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው ወንፊት አየርም አያሳልፍም። እዚያ ባለ 4 ቀዳዳው በቂ ነው፣ ከየቀኑ በኋላ ራዲያተሩን በውሃ ማጠብ ይጨመርበት።

በአዲስ አበባ ከፍታ ሌላ ነገር ይመጣል። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈውም አየር በክብደት በዚያው ልክ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳዩ በከፊል ይካካሳል፤ ቱርቦ ያለው ግን ጉልበቱን ሳይቀንስ አየር ያጣል፣ ስለዚህ አፉ ላይ ወንፊት ማሰር ለሱ አይመከርም። የውሃው መፍያ ነጥብም ይወርዳል፦ 1.1 ባር ክዳን ያለው ራዲያተር ንጹሕ ውሃ ይዞ በባሕር ጠለል 122፣ አዲስ አበባ ላይ 118 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ይህም አይገኝም።

ከ60 በ90ው ቁራጭ ለሚያታ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው አይጣል። የዘይት ኩለር፣ ማለትም የሞተሩን ዘይት የሚያበርድ ትንሽ ራዲያተር፣ የገጠመ ሰው ኩለሩ ብዙውን ጊዜ ከፓራውልቱ ታችኛ ጫፍ አጠገብ፣ ለጠጠር ከራዲያተሩም በባሰ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ ሲበሳ ደግሞ የሚፈሰው በግፊት ያለ ዘይት ነው፣ እሱም ወደ ፊት ጎማ። ያው ወንፊት፣ ያው ክፍተት፣ በትንሽ ፍሬም፤ ማሰሪያው ኩለሩ ላይ ሳይሆን ቅንፉ ላይ ይሁን።